የጉሎ ሐር ትልና ወቅቱን የሳተ አየር

ጥያቄ፦ በአርባ ምንጭ አካባቢ ከባለቤቴ ጋር በጉሎ ቅጠል የሐር ትል ማርባት ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ዘንድሮ በየካቲት ያሳደግናቸው ትሎች ቶሎ ቢደርሱም የሠሩት የሐር ጎጆ ትንሽና ስስ ሆነብን። በግንቦት የጀመርናቸው ደግሞ የሐር ጎጆ ሊያደሩ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ሞተው እንደ ጠመኔ ነጭና ደረቅ ሆኑ። ስህተቱ የእኛ ነው ወይስ የአየሩ? የማርቢያ ወራችንን እንቀይር?

መልስ፦ የተከበራችሁ ጠያቂዎቻችን፣ የሁለቱ ጉዳቶች መንስኤ ለየቅል ስለሆነ በየተራ እንያቸው።

የሐር ትል የሰውነቱን ሙቀት ራሱ መቆጣጠር አይችልም፤ የማርቢያ ቤቱ አየር ሲሞቅ ሰውነቱም አብሮ ይሞቃል፣ ዕድገቱም ይፋጠናል። የየካቲት ትሎቻችሁ ቶሎ የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ትሉ በሕይወቱ ከሚበላው ቅጠል ከአምስት አራት እጁን ያህል የሚበላውና ሐሩን የሚያጠራቅመው በአምስተኛው፣ ማለትም በመጨረሻው የዕድገት ደረጃ ነው። ሙቀቱ ይህን ሰሞን ሲያሳጥረው፣ በዚያ ላይ ድርቁ የጉሎውን ቅጠል ሲያጠወልገው፣ ትሉ የሐር ዕጢው ሳይሞላ ወደ ማድራት ይገባል። የጉሎ ሐር ትል ማልበሪ በሚባለው ዛፍ ቅጠል ከሚያድገው የሐር ትል ይልቅ ቻይ ቢሆንም የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

እዚህ ላይ የአየር ንብረት ለውጡ ይገባበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ገደማ የጨመረ ሲሆን፣ ከሞቃት ቀናት ይበልጥ የጨመረው የሞቃት ሌሊቶች ቁጥር ነው። ለሐር አርቢ ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል፤ ቀን የጋለው ቤት ሌሊት ካልቀዘቀዘ ትሎቹ ዕረፍት አያገኙም። ስለዚህ የቀኑን ብቻ ሳይሆን የሌሊቱንም ሙቀት በቴርሞሜትር እየለካችሁ መዝግቡ። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ የሣር ኮርኒስ ማበጀት፣ ከመስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ መስቀል ብዙ ይረዳል።

በግንቦት የደረሰባችሁ፣ እንደ ገለጻችሁት ከሆነ፣ ባለሙያዎች ሞስካርዲን የሚሉት የፈንገስ በሽታ ይመስላል። ፈንገሱ በትሉ ቆዳ በኩል ዘልቆ ይገባል፤ ለመብቀልም ከፍተኛ እርጥበት ይፈልጋል። በእናንተ አካባቢ ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስለሆነ፣ እርጥብ ቅጠል፣ የተጨናነቀ አልጋና የታፈነ ቤት ከተገናኙ በሽታው ምቹ ጊዜ አገኘ ማለት ነው። የሞተው ትል ነጩን ዱቄት፣ ማለትም የፈንገሱን ዘር፣ ሳያወጣ በየዕለቱ እየተለቀመ ይቃጠል፤ ዱቄቱ ከወጣ በኋላ ግን በነፋስም በእጅም ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል። ዝናብ የነካው ቅጠል ውኃው በነፋስ ሳይደርቅ አይሰጥ። ትሎቹ ቆዳ ሊቀይሩ መብላት ሲያቆሙ አልጋው ላይ የደቀቀ ኖራ በስሱ መነስነስ እርጥበቱን ይመጥጣል። ብርድ ሲሆን ከሰል የምታነዱ ከሆነ ጭሱ ካለቀ በኋላ ብቻ አስገቡት፣ ለአየር መውጫም ክፍተት ተዉለት።

ወሩን ስለመቀየር ለጠየቃችሁት፣ በእኔ አስተያየት ቁርጥ ያለ ወር መያዙ ራሱ ነው የሚጎዳችሁ፤ ዝናቡ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ሌላ ዓመት ዘግይቶ በሚገባበት ዘመን ባለፈው ዓመት የበጀው ወር ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም። ይልቅ ከአምስተኛው የዕድገት ደረጃ ወደ ኋላ ቁጠሩ። እንቁላሉ ለመፈልፈል ዐሥር ቀን ገደማ፣ ትሉ አምስተኛው ደረጃ ለመድረስ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ እንቁላል ከማስቀመጣችሁ በፊት ከሃያ አምስት ቀን በኋላ ጉሎው ለጋና በቂ ቅጠል ይኖረው እንደሆነ አስቡ። ለዚህም የጉሎውን ማሳ በሁለት ከፍላችሁ፣ አንዱን ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሌላውን ከወር በኋላ ግረዙት፤ አንዱ ቢከዳችሁ ሌላው ቅጠል ይዞ ይቆያችኋል።