የእንጆሪው እባጭ እና የባንኩ ፈተና

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ዘንድሮ በባዮሎጂ ተመርቄያለሁ። ወንዶ ገነት አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሳለ በዱር እንጆሪ ግንድ ላይ አውራ ጣት የሚያህል እባጭ አየሁና በቢላ ሰነጠቅሁት። ውስጡ ነጫጭ ትሎች ተኝተዋል። ሳነብ ዳያስትሮፈስ የሚባሉ ተርቦች መሆናቸውን ደረስኩበት። ሁለተኛ ዲግሪዬን በእነሱ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። አባቴ ግን በሚቀጥለው ወር ለባንክ ፈተና ተቀመጪ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ቢላው ላመስግንሽ። እንጆሪ የሚለቅም ሰው ዓይኑ ፍሬው ላይ ነው፤ ግንዱን ሰንጥቆ የሚያይ ብዙ አይገኝም።

«ደረስኩበት» ያልሽው ላይ ግን ቸኩለሻል። ዳያስትሮፈስ ጀርመናዊው የደን ሊቅ ቴዎዶር ሃርቲግ በ1840 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስም ያወጣለት የተርብ ወገን ሲሆን፣ በእንጆሪ ላይ እባጭ የሚሠሩት ዝርያዎቹ በብዛት የሚታወቁት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው። የአውሮፓው ሩቢ ይባላል፣ የአሜሪካው ኔቡሎሰስ። እናቲቱ ለጋውን ግንድ ወግታ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ተክሉ በዕጮቹ ዙሪያ እያበጠ ለእያንዳንዱ ዕጭ መኖሪያም ምግብም የሚሆን ክፍል ይሠራለታል። ዕጮቹ ቅዝቃዜውን እዚያው ውስጥ አሳልፈው፣ በጸደይ ተርብ ሆነው ቀዳዳ በስተው ይወጣሉ። የዓመቱ ኑሯቸው በበረዷማው የፈረንጅ ክረምት ተቃኝቷል። የወንዶ ገነት ክረምት ደግሞ ዝናብ ነው።

በዚያ ላይ አውሮፓ ውስጥ በዚያው በእንጆሪ ግንድ ላይ ተመሳሳይ እባጭ የምትሠራ ላሲዮፕቴራ ሩቢ የምትባል ደቃቅ ዝንብ አለች፤ ዝምድናዋ ከትንኝ ጋር እንጂ ከተርብ ጋር አይደለም። እባጩን ብቻ አይቶ የሠሪውን ስም መጥራት፣ አጥሩን አይቶ የባለቤቱን ስም እንደ መገመት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ማመልከቻ መጻፍ አይደለም። ወደ አክስትሽ ተመለሺና ያልተሰነጠቁ እባጮችን ከነግንዳቸው ቁረጪ። በማርማላታ ብልቃጥ አድርገሽ አፉን በስስ ሻሽ ሸፍነሽ በላስቲክ እሰሪ፤ ፀሐይ በማያገኘው በረንዳ ላይ አስቀምጪው። ግንዱ እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ትንሽ ውኃ እርጪበት፤ ካበዛሽው ይሻግታል። ከዚያ በየቀኑ እያዩ መጠበቅ ነው። የወጣውን ሁሉ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ውስጥ አኑሪ። ካቲካላ አይሆንም፤ ሞክሮ ያሳየኝ ተማሪ ስለነበረ ነው የምነግርሽ። በእርሳስ በተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የተክሉን ዓይነትና የራስሽን ስም አስፍረሽ አብረሽ ክተቺው። ይህ ወረቀት ከሌለ ነፍሳቱ ለማንም አይጠቅምም።

የወጣው ሁሉ ደግሞ የቤቱ ሠሪ ላይሆን ይችላል። ከዳያስትሮፈስ እባጭ ውስጥ ሲኖፍሮሞርፋ የሚባሉ ሌሎች ተርቦች ይወጣሉ፤ እባጭ መሥራት አይችሉም፣ በሰው ቤት ያድጋሉ። ቶሪመስ የሚባሉት ደግሞ ባለቤቱን በልተው የሚወጡ ናቸው። ሠሪውን፣ ተከራዩንና ገዳዩን መለየት ነው እንግዲህ ሙያው።

እኔ የምመክርሽ ይህንን ሙያ እንድትይዢ ነው እንጂ አንድን የተርብ ወገን ብቻ እንድታገቢ አይደለም። ለዳያስትሮፈስ ብሎ ሐዋሳ ላይ ደመወዝ የሚከፍል የለም። ጥቃቅን ተርቦችን የሚለይ ሰው ግን ይፈለጋል። ባሕር ዛፍን እንይ፦ ሌፕቶሲቤ ኢንቬዛ የምትባል ከአውስትራሊያ የመጣች ተርብ የቅጠሉን ጅማት እያሳበጠች ችግኙን ታቀጭጨዋለች፤ እኛም አገር ገብታለች። የሳይንስ ስሟን ያገኘችው በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ለመከላከል የሚለቀቁባትም ሌሎች ጥቃቅን ተርቦች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተምች በቆሎአችን ላይ ሲወርድም፣ ተመራማሪዎች ትሉን የሚገድል ኮቴሲያ የተባለ ጥገኛ ተርብ እዚሁ አገር ውስጥ አግኝተዋል። ሰው ተርቡን ለይቶ ባያውቀው ኖሮ እንደ ማንኛውም ዝንብ በታለፈ ነበር።

የት ልሂድ ካልሽ፣ ቅርቡ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የወንዶ ገነት ደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ነው፤ እባጩን ያገኘሽበት ሰፈር! ከዚያ የግብርና ኮሌጁ፣ ከአዳማ አለፍ ብሎ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ራቅ ሲል ደግሞ ናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ አለ። ክፍት ቦታ ብዙ አይደለም፣ ቅጥሩም ይዘገያል። ለመምህራኑ ስትጽፊ «ስኮላርሺፕ እፈልጋለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። የእባጩን ፎቶ፣ የወጡትን ነፍሳት ፎቶ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ። አምስት መስመር ይበቃል።

የአባትሽን ነገር በተመለከተ፣ ተፈተኚ። ደመወዝ ይዞ የሚማር ሰው አማካሪውን ይመርጣል፤ የቸገረው ያገኘውን ይይዛል። ይህን የምለው አባትሽን ለማስደሰት ብዬ አይደለም፤ እኔ ራሴ ሁለተኛ ዲግሪዬን በባዶ ኪስ ጀምሬ በሁለተኛው ዓመት አቋርጬ ነበር። ባንኩ ከቀጠረሽ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ የአንቺ ናቸው፣ ወንዶ ገነትም ሩቅ አይደለም።

ለፈተናው ስትዘጋጂ ብልቃጡን ለቤቱ ታናሽ ልጅ አደራ ስጪው። ነገር የወጣበትን ቀን እንዲጽፍልሽ፣ ሻሹንም እንዳይከፍተው።