ለጉዲፈቻ ወጪ እርዳታ ከየት ይገኛል? (አሜሪካ ላላችሁ)

«ኤጀንሲው ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ጠየቀን፤ ወጪውን የሚያግዘን መንግሥት ወይ ድርጅት አለ?» ላላችሁት፦ አለ። ግን አብዛኛው ገንዘብ የሚመጣው ከከፈላችሁ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባም ጭራሽ ይቀራል።

ትልቁ የፌዴራሉ የጉዲፈቻ ታክስ ክሬዲት (ከምትከፍሉት ታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) ነው፤ በፎርም 8839 ይጠየቃል። የ2025 ጣሪያው በአንድ ልጅ 17,280 ዶላር ነው። የኤጀንሲ፣ የጠበቃ፣ የፍርድ ቤትና የጉዞ ወጪ ይገባበታል። ከ2025 ጀምሮ የተወሰነው (ለ2025 እስከ 5,000 ዶላር) ታክስ ባይኖርባችሁም በእጃችሁ ይገባል፤ ቀሪው ግን ካለባችሁ ታክስ ላይ ብቻ ይቀነሳል። ለምሳሌ 17,280 አውጥታችሁ የዓመቱ ታክሳችሁ 4,000 ከሆነ፣ በዚያ ዓመት የምትጠቀሙት 9,000 ነው። የተረፈው 8,280 እስከ 5 ዓመት ይተላለፋል። «17 ሺህ ይመለስልኛል» ብሎ ብድር የገባ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ጊዜውንም ልብ በሉ። ለአገር ውስጥ ጉዲፈቻ በ2025 ከፍላችሁ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ካላጸደቀ፣ የምትጠይቁት በ2026 ታክስ ላይ ነው። ከውጭ ለሚመጣ ልጅ ግን እስኪጸድቅ ምንም አይጠየቅም። (ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ከልክላለች።)

የሥራ ቦታችሁን ኤች አርም ጠይቁ። አሠሪው የሚሰጠው በደብሊው ቱ (አሠሪው በየዓመቱ በሚሰጣችሁ የደመወዝና የታክስ ወረቀት) ሣጥን 12 ላይ በ«ቲ» ኮድ ይመጣል፤ እሱ የከፈለውን ወጪ ለክሬዲቱ መድገም አይቻልም።

እንደ ጊፍት ኦፍ አዶፕሽን ፈንድና ሾው ሆፕ ያሉ ድርጅቶች ግራንት (የማይመለስ እርዳታ) ይሰጣሉ። ሆም ስተዲው (ቤታችሁና ቤተሰባችሁ ለልጅ ብቁ መሆኑ የሚጠናበት ምርመራ) ያላለቀለትን ሰው ማመልከቻ ግን ብዙዎቹ አያዩም፤ ስለዚህ እሱን በራሳችሁ ገንዘብ አስቀድሙ።

ገቢያችሁ መካከለኛ ከሆነ፣ በእኔ እምነት መጀመሪያ መታየት ያለበት ከፎስተር ኬር (በስቴቱ ጥበቃ ሥር ካሉ ልጆች) ማደጎ መውሰድ ነው። ወጪው በጣም ትንሽ ነው። ስቴቱ ልጁን «ስፔሻል ኒድስ» ካለው ደግሞ አንድ ዶላር ባታወጡም ሙሉውን ክሬዲት መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህ የግድ አካል ጉዳት አይደለም፤ ዕድሜው ከፍ ማለቱ ወይም ከእህት ከወንድሙ ጋር አብሮ መምጣቱም ሊያስቆጥረው ይችላል። ወርሃዊ ድጎማ፣ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) እና እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ የወጪ ተመላሽም ሊኖር ይችላል። ከስቴቱ ጋር የሚደረገው የድጎማ ስምምነት ግን ዳኛው ጉዲፈቻውን ከማጽደቁ በፊት መፈረም አለበት።

በኤጀንሲ ከገፋችሁበት፣ ወላጅ እናት ሐሳቧን ብትቀይር የትኛው ክፍያ እንደሚመለስ ሳትፈርሙ በጽሑፍ ተቀበሉ። ለመሸጋገሪያ ከወለድ ብድር እቁብ ይሻላል፤ የመጀመሪያዎቹን ዕጣዎች እንድትወስዱ ግን ከሰብሳቢው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።