ስለ እጅ ጂፒኤስ ጥያቄና መልስ፦ ለሳጥን ፍለጋና ለፎቶ

ጥ፦ ጂኦካሺንግ፣ ማለትም በኮኦርዲኔት (በቦታ መለያ ቁጥር) የተደበቀ ሳጥን ፍለጋ፣ ልጀምር ነው። ስልኬ አይበቃም?

መ፦ መሀል ከተማ ለመጀመር ይበቃሃል። ካርታውን ቀድመህ ካወረድክ ዳታ ባይኖርም ቦታህን ከሳተላይት ያገኛል። የእጅ ጂፒኤስ ጥቅሙ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሙሉ ቀን ስትውል ይታወቃል፦ ዝናብ ይችላል፣ የባትሪ ድንጋዩም ሲያልቅ ቀይረህ ትቀጥላለህ።

ጥ፦ ጋርሚን ኢትሬክስ 22 ኤክስ ልግዛ ወይስ 32 ኤክስ?

መ፦ እህቴ፣ ሳጥን ለመፈለግ 32 ኤክስን ግዢ። ኮምፓስና ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) አለው። 22 ኤክስ አቅጣጫ የሚያውቀው ስትራመጂ ብቻ ስለሆነ ቆም ስትዪ ቀስቱ አይታመንም፤ ሳጥን የሚገኘው ደግሞ ቆም ተብሎ ነው። ለፎቶ ብቻ ከሆነ ልዩነቱን ገንዘብ አታውጪበት። የ32 ኤክስን ኮምፓስ፣ የመሣሪያውን ድንጋይ በቀየርሽ ቁጥር፣ ከመኪናና ከብረት አጥር ርቀሽ አስተካክዪው።

ጥ፦ ሳጥኑ ስታዲየም አካባቢ ነው ተባለ፤ መሣሪያው ግን ሆለታ አጠገብ ይጠቁመኛል። ተበላሽቶ ይሆን?

መ፦ አልተበላሸም፤ ያሳሳተህ የአጻጻፍ ስልቱ ነው። የሳጥን ኮኦርዲኔት የሚጻፈው በዲግሪና በአስርዮሽ ደቂቃ ነው። 38 ዲግሪ 45.400 ደቂቃ ወደ አስርዮሽ ዲግሪ ሲለወጥ 38.75667 ይሆናል፤ ደቂቃው ለ60 ይካፈላልና። አንተ 38.45400 ብለህ ስላስገባኸው ከ33 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ሄደ። ከማስገባትህ በፊት የመሣሪያውን የኮኦርዲኔት ቅንብር ከተሰጠህ አጻጻፍ ጋር አስተያይ።

ጥ፦ በቆየው የ1፡50,000 ካርታ ላይ ነጥቤ ወደ 200 ሜትር ይዛነፋል።

መ፦ ካርታው የተሠራው በአዲንዳን ዴተም (ቦታ በሚለካበት መነሻ) ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84። የዩቲኤም ቁጥር (በሜትር የሚጻፈውን የቦታ ቁጥር) ከካርታው ስታነብ ዴተሙን ወደ አዲንዳን፣ ዞኑን ወደ 37 ሰሜን ቀይር። ስትጨርስ መልሰው፤ አለዚያ ቀጣዩ ሳጥን ይጠፋሃል።

ጥ፦ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቦታዬ ከመንገድ መንገድ ይዘላል።

መ፦ የሳተላይቱ ምልክት በረጃጅሞቹ ሕንፃዎች መስታወት ላይ ነጥሮ ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው። ሰማይ ሰፋ ብሎ ወደሚታይበት ወጣ በልና ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። እንደ ጂፒኤስማፕ 65 ኤስ ያለ በሁለት ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) የሚቀበል መሣሪያ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ግድግዳ ሥር ፍጹም አይደለም።

ጥ፦ ፎቶዎቼን ከጂፒኤስ ዱካ (መሣሪያው ከመዘገበው መንገድ) ጋር በፕሮግራም ሳገናኛቸው እንጦጦ ያነሳኋቸው ግማሾቹ ቦታ አያገኙም፤ ሌሎቹ ሰፈሬ ላይ ያርፋሉ።

መ፦ የካሜራሽን ሰዓት እዪ። ጠዋት 3 ሰዓትን 3፡00 ብለሽ ሞልተሽው ይሆናል፤ ካሜራው ግን 9፡00 ማለት አለበት። ፕሮግራሙ ፎቶውን ከዱካው ጋር የሚያገናኘው በሰዓት ብቻ ነውና የ6 ሰዓት ልዩነት ሁሉን ያፋልሳል። ፎቶዎቹ አልጠፉም፤ ቅጂ ይዘሽ ሁሉም ላይ 6 ሰዓት ደምሪ። በምሽት ፎቶዎች ግን ተጠንቀቂ፦ የካሜራው ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እንደገና ከ1 ጀምሮ ከተሞላ የሚደመረው 12 ተጨምሮ 18 ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን።

ከዚህ በኋላ ከመውጣትሽ በፊት ሰከንዱን የሚያሳየውን የጂፒኤስ ገጽ በካሜራው አንሺው። ያ አንድ ፎቶ ስንት ሰከንድ እንደሚዛነፍ ይነግርሻል። የአንድ ደቂቃ ስህተት በእግር ወደ 80 ሜትር ነው፤ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሚሄድ መኪና ግን 500 ሜትር ይሆናል። ዱካውን በየ5 ሰከንዱ እንዲመዘግብ አድርጊው፣ በጂፒኤክስ ፋይል (በዱካ መያዣ ፋይል) አውጪው፣ በፕሮግራሙ የሰዓት ክልል ላይ ደግሞ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ሲደመር 3 ምረጪ። መጀመሪያ በ3 ፎቶ ቅጂ ሞክሪው።

ጥ፦ የሚሞላ ድንጋይ ስጠቀም ቶሎ አለቀ ይለኛል።

መ፦ የሚሞላው 1.2 ቮልት፣ ተራው 1.5 ቮልት ነው። በቅንብሩ ውስጥ የባትሪውን ዓይነት ካልነገርከው መሣሪያው ገና ያልጨረሰውን እንዳለቀ ይቆጥራል።

ጥ፦ መሀል ከተማ ሳጥን ልደብቅ አስቤያለሁ።

መ፦ የቦታውን ባለቤት አስፈቅድ። ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲና ጥበቃ ያለበት አጥር አጠገብ አታስቀምጥ፤ ጥቁር የታሸገ ዕቃ ያስደነግጣልና ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ምረጥ፣ ምን እንደሆነም በአማርኛ ጻፍበት። በውስጡ መዝገብና እርሳስ ይኑር፤ እስክሪብቶ በክረምት እርጥበት እምቢ ይላል። ምግብ አታስገባ፣ ጉንዳን ይወርረዋል። ሌላ ሳጥን ካለ ቢያንስ 161 ሜትር ራቅ።