ስለ ፍራንሲስ ዴንግ ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው በአገራቸው ውስጥ ለተፈናቀሉ ሰዎች መብት የሠሩትን የሱዳኑን ምሁር የፍራንሲስ ማዲንግ ዴንግን ስም ባነሣ ጥያቄው ጎረፈ። ደስ ብሎኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ ከየት የተነሡ ሰው ናቸው?

መ፦ በ1938 በዛሬዎቹ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ባለችው በአብዬ ተወለዱ። አባታቸው ዴንግ ማጆክ በዚያ የሚኖሩት የንጎክ ዲንካ ሕዝብ ዋና አለቃ ነበሩ። ከጎረቤቶቻቸው ከሚሴሪያ አረቦች ጋር ጠብ ሲነሣ በማስታረቅ የታወቁ ናቸው። ልጃቸው ካርቱም ሕግ ተማሩ፤ ዶክትሬታቸውን ከየል ያዙ። እኔ ግን ትልቁ ትምህርት ቤታቸው የአባታቸው ግቢ ነበር ባይ ነኝ።

ጥ፦ ስደተኛም ተፈናቃይም ያው ቤቱን ጥሎ የወጣ አይደል?

መ፦ እህቴ፣ ልዩነቱ ድንበሩ ላይ ነው። ድንበር የተሻገረ ሰው የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አለለት። ያልተሻገረው ግን በገዛ መንግሥቱ እጅ ነው። አንዳንዴ ያፈናቀለው ራሱ መንግሥት ነው። ሌላው ልርዳ ሲል «የውስጥ ጉዳያችን ነው» ይባላል። በ1992 የተመድ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቡትሮስ ጋሊ ዴንግን የተፈናቃዮች ጉዳይ ተወካያቸው አድርገው ሾሙ። እስከ 2004 ሠሩ።

ጥ፦ ታዲያ የየአገሩ መሪዎች እንዴት ለዴንግ በር ከፈቱላቸው?

መ፦ በጣም የምወደው ይህን ነው። ዴንግ ፕሬዚዳንት ፊት ሲቀመጡ በወቀሳ አይጀምሩም። መጀመሪያ የአገሩን ሉዓላዊነት እንደሚያከብሩ ይናገራሉ። ከዚያ ሉዓላዊነት ማለት ሕዝብን የመጠበቅ ኃላፊነት መሆኑን ያነሣሉ። አቅም ካነሰ ደግሞ እርዳታ መጥራትም የዚያ ኃላፊነት አካል ነው። የእኛም ሽማግሌዎች እኮ እንዲህ ናቸው፤ ክብሩን ሳይነኩ ነው ሰውን ጥፋቱ ላይ የሚያደርሱት። ይህ ሐሳብ የዓለም መሪዎች በ2005 ለተቀበሉት «የመጠበቅ ኃላፊነት» ለሚባለው መርህ መሠረት ሆኗል።

ጥ፦ ወረቀት ብቻ አይደለም ወይ?

መ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ዴንግ ከሕግ ባለሙያዎች ጋር ሆነው በ1998 ያቀረቧቸው 30 የተፈናቃዮች መብት መርሆዎች አስገዳጅ አልነበሩም። ግን የአፍሪካ መንግሥታት በእነሱ ላይ ተመሥርተው በ2009 ስለ ተፈናቃዮች የካምፓላን ስምምነት አወጡ። ይሄኛው አስገዳጅ ነው። ኢትዮጵያም በ2020 አጽድቃዋለች። መጠለያ ውስጥ ያለ ተፈናቃይ «ነገ ወደ ቀዬህ ተመለስ» ቢባል፣ በፈቃዴ፣ በሰላምና በክብር ካልሆነ አልሄድም የማለት መብት አለው። ይህን መብቱን የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው? እባካችሁ ለምታውቁት ተፈናቃይ ንገሩ።

ጥ፦ የዘር ማጥፋትን በመከላከል ጉዳይስ?

መ፦ ከ2007 እስከ 2012 የተመድ ዋና ጸሐፊ ልዩ አማካሪ ነበሩ።

ጥ፦ የራሳቸውን ቀዬስ አዳኑት?

መ፦ ይህን መመለስ ይከብዳል። አብዬ ዛሬም ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡባት ምድር ናት። ከ2011 ጀምሮ ለዓመታት በተመድ ሰላም አስከባሪነት የጠበቋት የኢትዮጵያ ወታደሮች ናቸው። በሜይ 2013 የንጎኮች ዋና አለቃ ኩዎል ዴንግ ከሰላም አስከባሪዎቹ ጋር ሲጓዙ ተገደሉ። ኩዎል የዴንግ ወንድም ናቸው። አብሯቸው ኢትዮጵያዊ ወታደርም ወድቋል። ያኔ ዴንግ በተመድ የደቡብ ሱዳን አምባሳደር ነበሩ።