ባክአፑም ተበላሽቶ ቢገኝስ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለተበላሹ የዌብሳይት ፋይሎች ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሆስቲንግ የገዛሁበት ድርጅት ሰርቨሩ ሬይድ አለው ብሎኛል። ታዲያ ባክአፕ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ሬይድ ዳታዎን በብዙ ዲስኮች ላይ አባዝቶ ይይዛል፤ አንድ ዲስክ ሲሞት ሳይትዎ እንዳይቆም ያደርጋል። ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ፎልደር በስህተት ቢያጠፉ ከሁሉም ዲስኮች እኩል ይጠፋል። ሰርጎ ገብ ኮድዎን ቢቀይረው ሬይዱ የተቀየረውን ኮድ ታማኝ ሆኖ ያባዛል። ባክአፕ ያስፈልግዎታል፣ ያውም ሌላ ቦታ የተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያለው ኦቪኤችክላውድ የተባለው ሆስቲንግ ሰጪ ዳታ ሴንተር ሲቃጠል፣ ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል።

ጥያቄ፦ ማንም ሳይነካው አንድ ፎቶ ግማሹ ግራጫ ሆነብኝ። ፋይል ዝም ብሎ ይበላሻል?

መልስ፦ ይበላሻል። ግን እንዲህ ያለ ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲስኩን አይደለም። ብዙ ጊዜ አፕሎድ ሲደረግ ኔትዎርክ ተቋርጦ ወይም የተሰጠዎት ቦታ ሞልቶ ፋይሉ ጎዶሎ ሆኖ የቀረ ነው። ለመሆኑ ፎቶው ከዚህ በፊት ሙሉ ሆኖ ይታይ ነበር? ኮምፒውተርዎ ላይ ካለው ዋናው ጋር መጠኑን ያስተያዩ። ካነሰ ነገሩ ተገኘ።

መጠኑ እኩል ሆኖ ይዘቱ ከተለየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዲስክ፣ ሜሞሪ ወይም ኬብል አንዲት ቢት (የዳታ ትንሿ ክፍል፣ 0 ወይም 1) ገልብጦ ምንም የስህተት መልእክት ላያሳይ ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው ቼክሰም ነው፤ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አጭር አሻራ ማለት ነው። አንዲት ቢት ብትለወጥ ሻ-256 በሚባለው ስሌት የሚወጣው ቼክሰም ጨርሶ ሌላ ይሆናል። ዜድኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ለእያንዳንዱ ብሎክ ቼክሰም ይይዛል፤ ሲያነብ ካልገጠመለትና ሌላ ጤነኛ ቅጂ ካለው ከዚያ ያስተካክላል። ሆስቲንግ ሰጪዎን በየትኛው ፋይል ሲስተም እንደሚሠሩና ሜሞሪያቸው ኢሲሲ (የተገለበጠ ቢትን አውቆ የሚያርም) መሆኑን ይጠይቁ። መልሳቸው «አይጨነቁ» ብቻ ከሆነ ይጨነቁ።

በእርስዎ በኩል የፋይሎችዎን ቼክሰም አውጥተው ዝርዝሩን ከሰርቨሩ ውጭ ያስቀምጡ፤ አልፎ አልፎ ያመሳክሩት። ዎርድፕረስ ላይ ከሆኑ ደብሊውፒ-ሲኤልአይ የተባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ የዎርድፕረስን ዋና ፋይሎች በአንድ ትእዛዝ ያመሳክርልዎታል። እርስዎ የጫኗቸውን ፎቶዎች ግን አያይም።

ጥያቄ፦ በኤፍቲፒ የጫንኩት ዚፕ ፋይል አልከፈት አለ።

መልስ፦ የፋይል መላኪያ ፕሮግራሙ በአስኪ (የጽሑፍ) ሞድ ልኮት ይሆናል። ያ ሞድ ጽሑፍ መስሎት የመስመር መጨረሻዎችን ይቀይራል፤ ዚፕና ፎቶ ላይ ሲሠራ ያበላሻቸዋል። ይዘቱን ሳይነካ ወደሚልከው ባይነሪ ሞድ ይቀይሩና እንደገና ይጫኑ። ከተቻለ ኤስኤፍቲፒ (የተመሰጠረ የፋይል መላኪያ) ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ሳይቴን ወደ ሌላ ሆስቲንግ ሳዛውር አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። ተስፋ አለው?

መልስ፦ ዳታቤዙ ውስጥ ገብተው ይዩት። የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ከሆነ ደስ ይበልዎ፤ ጽሑፉ አለ፣ በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ፊደልን በቁጥር የመጻፊያ ስልት) እየተነበበ ነው። እዚያም የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ግን ፊደሎቹ ጠፍተዋል፣ ከዚያ ቅጂ አይመለሱም። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ 3 ባይት ይወስዳል፤ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ከቨርዥን 8.0 በፊት በመነሻነት ይጠቀምበት የነበረው ላቲን-1 ደግሞ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም። ወደ አሮጌው ሰርቨር ተመልሰው ዳታቤዙን በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉ ዩቲኤፍ-8) እንደገና ያውጡ። አሮጌውን አካውንት ዘግተውት ካልሆነ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ባክአፕ ሌሊት ሌሊት በራሱ ይወሰዳል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት ቅጂ ይቀመጣል? የዛሬው የትናንቱን የሚያጠፋው ከሆነ፣ ሰኞ የተበላሸውን ፋይል ሐሙስ ሲያገኙት ያለዎት የተበላሸው ቅጂ ብቻ ነው። የ7 ቀን፣ የ4 ሳምንትና የጥቂት ወራት ቅጂ ይኑርዎት። ዳታቤዝ እየሠራ ሳለ ፋይሎቹን ዝም ብሎ መገልበጥም አይሆንም፤ በደምፕ (ዳታቤዙ ይዘቱን ወደ አንድ ፋይል ሲያወጣ) ይውጣ።

ከዚያ ባክአፑን መልሰው አስነስተው ይሞክሩት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድርጅት አንድ ኢንጂነር ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት አጠፋ። የየዕለቱ የዳታቤዝ ደምፕ በሶፍትዌር ቨርዥን አለመግጠም ሲከሽፍ እንደነበር የታወቀው ያኔ ነው። የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም ሳይደርሱ ቀርተዋል። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት የተወሰደ ስናፕሾት (የዲስኩ የዚያች ቅጽበት ቅጂ) ነው፤ በመሃል የገባው ዳታ ጠፋ። እርስዎ ሙከራውን በተለየ ሳብዶሜይን ያድርጉት። የሙከራው ቅጂ ለደንበኞችዎ ኢሜይል እንዳይልክ ግን መላኪያውን ቀድመው ይዝጉት።