«ይሄ እንጀራ አይሆንሽም» ላሏት ተመራቂ

«ዘንድሮ ከአራት ኪሎ በባዮሎጂ ተመረቅኩ። ልቤ ያለው በሽታ ተከላካይ ሴሎች ሲያድጉ የትኛው እንደሚተርፍ፣ የትኛው እንደሚሞት የሚወስኑትን መልእክቶች ማጥናት ላይ ነው። ቤተሰቦቼ ግን ‹ይሄ እንጀራ አይሆንሽም› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ቤተሰቦችሽን አትቀየሚያቸው። አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ቆመሽ ብትውዪ «የታይመስ ተመራማሪ እንፈልጋለን» የሚል አታገኚም፤ ታይመስ በሽታ ተከላካይ ሴሎችሽ የሚያድጉባት እጢ ናት። ያሳሰባቸው እሱ ነው። እኔ ግን ተዪው አልልሽም። ጥያቄሽን ያዢ፤ የምትገቢበትን በር ግን ሰፋ አድርጊው።

ለቤት ሰው እንዲህ ብለሽ አስረጂ። ቲ ሴሎች የሚባሉት በሽታ ተከላካዮች የሚያድጉት ከልብ በላይ ባለችው ታይመስ ውስጥ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከዚያ ሳይወጡ ይሞታሉ። ጀማሪዎቹን በሕይወት የሚያቆያቸው ኢንተርሉኪን 7 የሚባል መልእክት ነው። እሱ ሲደርሳቸው ቢሲኤል 2 የተባለው ፕሮቲን ይበዛና ሞትን ያግዳል። ካልደረሳቸው ቢም የተባለው ገዳይ ፕሮቲን ያይላል። ቀጥሎ ሌላ ፈተና አለ፦ ላዩ ላይ ያለው ተቀባይ (ሌላውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) የራስን አካል ምንም የማያውቅ ሴል ይሞታል፤ አጥብቆ የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ መካከለኛው ይተርፋል። የኢንተርሉኪን 7 ተቀባያቸው ተበላሽቶ የሚወለዱ ሕፃናት ቲ ሴል ስለሌላቸው ተራ ኢንፌክሽን እንኳን ሊገድላቸው ይችላል። ይሄ ቅንጦት ነው የሚል ካለ ይንገረኝ!

ቢሲኤል 2 ሴልን ከሞት እንደሚያቆይ እ.ኤ.አ. በ1988 ሜልቦርን ላይ ከአስተማሪዎቹ ጋር ያሳየው ዴቪድ ቮክስ ያኔ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ዛሬ ይህን ፕሮቲን የሚያግደው መድኃኒት ቬኔቶክላክስ ለደም ካንሰር ይሰጣል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቅዳዋለች። እንግዲህ ጥያቄሽ ከጥቁር አንበሳ የካንሰር ሕሙማን ያን ያህል አይርቅም።

አሁን ወደ ሥራው። ፍሎ ሳይቶሜትሪ ተማሪ፤ ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር እያሳለፉ የሚለዩበትና የሚቆጥሩበት ዘዴ ነው። በኤችአይቪ ሕክምና ሲዲ4 የተባሉት ቲ ሴሎች የሚቆጠሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ የደም ካንሰርን ዓይነት ለመለየትም ያገለግላል። ይሄን የያዘ ሰው ምርምር ባይሳካለት እንኳን ላብራቶሪ ውስጥ ቦታ አያጣም። ጎን ለጎን አር ወይም ፓይተን የተባሉትን የኮምፒውተር ቋንቋዎች ጀምሪ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሰው ታይመስ የሴል አትላስ (የሴሎቹ ዝርዝር ካርታ) ታትሟል፤ ዳታው በነፃ ይገኛል። ላፕቶፕና ትዕግሥት ካለሽ ኢንተርሉኪን 7 ተቀባይን የትኛው ሴል እንደሚያወጣ ራስሽ ማየት ትችያለሽ። እኔ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው።

ለማስተርስ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትንና አለርት ግቢ ያለውን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እዪ። የመመረቂያ ርእስሽን ግን የአይጥ ታይመስ አታድርጊው። እዚህ ናሙናው ያለበትን ምረጪ፦ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ የደም ካንሰር። የሴል መትረፍና መሞት ሦስቱም ውስጥ አለ።

ኢሜይል ልከሽ ብቻ አትቀመጪ። ጥያቄሽን በአንድ ገጽ ጽፈሽ፣ ከዳታው የሠራሽውን አንድ ሥዕል አያይዘሽ፣ በአካል ሂጂ።