ያልለካሁት እጅጌ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። ከእጮኛዋ ተለያይታለች። ቤት ቀይራለች፣ ሥራም ቀይራለች። ሁሉም በአንድ ዓመት ውስጥ። ያገለገለ የስፌት መኪና ገዝታ ማታ ማታ ትሰፋለች። «ጋሼ፣ ስሰፋ ቀለል ይለኛል። ግን እየተጽናናሁ ነው ወይስ እየሸሸሁ?» አለችኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። መልስ አልሰጠኋትም። «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሰፊው?» ብዬ ወሬ አስቀየስኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ሰማያዊ ቀሚስ መጥቶ ፊቴ ተደቀነ።

ባለቤቴ የሞተች ዓመት ነው። ልጃችን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቀን የሰው ልብስ እሰፋለሁ፤ ማታ ልጄን አስተኝቼ እንደገና መኪናው ላይ እቀመጣለሁ። ማታ የምሰፋውን ማንም አላዘዘኝም። የትራስ ልብስ፣ ሽርጥ፣ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ አልጋ ልብስ። እግሬ ፔዳሉ ላይ እስካለ ድረስ ደህና ነኝ። ዓይኔ ከመርፌው እስከ ጨርቁ ጠርዝ ያለችውን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይጠብቃል። እዚያች ውስጥ ሞት የለም። ስፌቱ ከተጣመመም ምላጭ አለ፤ ተርትሬ እንደገና እሰፋዋለሁ። በዚያ ዓመት ተተርትሮ እንደገና የሚሰፋ ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ስለዚህ ያጽናናል። በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም።

አንድ ማታ ለልጄ ቀሚስ ልስፋላት ብዬ ተነሳሁ። ሰማያዊ ጥጥ፣ ትንንሽ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። መጀመሪያ ጨርቁን አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ተኮስኩት። ጥጥ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰባላ። ድሩን ተከትዬ ቆረጥኩ። ገበር አገባሁለት። ኮሌታውን ክብ አደረግኩት። ክብ ኮሌታ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ የውስጥ ጠርዙን በመቀስ ጫፍ ጫፉን ካልነካኩት ሲገለበጥ ይጨማደዳል። አምስት ማታ ፈጀብኝ። በመሐል ልጄ መጥታ በር ላይ ትቆማለች። «አባዬ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።» «ይቺን መስመር ልጨርስና መጣሁ» እላታለሁ። መስመር ደግሞ መቼ ያልቃል። ስሄድ ተኝታ አገኛታለሁ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት አለበስኳት። እጅጌው ከእጅ አንጓዋ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ወገቡ ከወገቧ በላይ ተቀመጠ። ለካ ልኬቱን የወሰድኩት ከደብተሬ ነው። እናቷ ሳትታመም በፊት የጻፍኩት ልኬት። እኔ እኮ ሰው በበር ሲገባ ትከሻውን በዓይኔ የምለካ ሰው ነኝ! ሜትሩ ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ ነው የሚውለው። ልጅቷም በየማታው በር ላይ ስትቆም ነበር።

ምንም አላለችኝም። እጅጌውን ጎተት ጎተት አደረገችው። «ያምራል አባዬ» ብላ ለብሳው ወጣች።

ከዚህ በኋላ ብልህ አባት ሆንኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልሆንኩም። «አስተካክለዋለሁ» ብዬ ያን ማታም መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ከተረፈው ጨርቅ ቆርጬ እጅጌው ላይ ቀጠልኩበት።

አሁን ሳስበው ያ መጽናናት ነበር ወይስ መደንዘዝ? ያን ዓመት ያለ መኪናው አልወጣውም ነበር። ልጄ ደግሞ ያን ዓመት ብቻዋን ነው የወጣችው። ሁለቱም እውነት ነው።

መቼም ከኔ ምክር ትጠብቃላችሁ። ክር መርፌ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ከማንም ትማራላችሁ፤ እሱን ልለፈው። የዛሬ ልጆች አንድ ነገራችሁ ግን ያናድደኛል። በአንድ ማታ ሰፍቶ፣ ካውያ ሳይነካው ፎቶ ማንሳት! የስፌት ግማሹ ካውያ ነው። ግን ደግሞ እኛ ሐዘናችንን አፍነን ስንሰፋ፣ እናንተ ስልክ አንስታችሁ ትጠይቃላችሁ። በዚህስ ትበልጡናላችሁ።

በእጅ ይሻላል ወይስ በመኪና የሚል ጥያቄም ይመጣልኛል። ጠቡ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ቲሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1830 ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። ዓመት ሳይቆይ፣ ሥራችንን ሊቀማን ነው ያሉ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ገብተው መኪኖቹን ሰባበሩበት። እኔ ለትርፍ መኪናን እመርጣለሁ። ልብ ሲከፋ ግን የእጅ ስፌት። በጥበቡ እንዳይመስላችሁ። መኪና ይጮሃል፤ በር ላይ የቆመ ሰው አያሰማም። መርፌና ክር ይዞ ግን ሰው አጠገብ መቀመጥ ይቻላል፤ አልጋ ጫፍ ላይም ቢሆን። ይህን ያወቅኩት ልጄ ካደገች በኋላ ነው።

ትናንት ለዚያች ወጣት መልሼ ደወልኩላት። ለካ ለራሷ ሸሚዝ ጀምራለች።

«እናትሽ አሉ?» አልኳት።

«አሉ። ከተገናኘን ግን ቆየን።»

«ሸሚዙን ተይውና ሜትር ይዘሽ ሂጂ። ለእሳቸው ስፊላቸው።»

«ልኬታቸው እኮ አለኝ ጋሼ፤ ድሮ የጻፍኩት።»

«እሱን ቅደጂው» አልኳት። «እጅጌ ስትለኪ ክርናቸውን ትንሽ አጠፍ ያድርጉ። ከትከሻ ጫፍ ጀምረሽ በክርናቸው ዞረሽ እስከ አንጓ። ቀጥ ባለ እጅ ከለካሽ ያጥራል።»